በሩ ተከፍቷል ይላል

«በሩ ተዘግቶብኛል» ያለ ሰው በር ይከፈትለታል እንጂ ሐኪም ዘንድ አይወሰድም። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። እትዬ ሚዛን የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ ግን ያውቁታል። ያላወቁት የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ናቸው። ከእናታቸው አፍና ከስልካቸው መስታወት አንዱን እመኑ ቢባሉ ስልኩን አመኑ። እናት ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አጥብታ፣ አስተምራ፣ በመጨረሻ የምትታመነው ስልክ ሲመሰክርላት ብቻ ነው ማለት ነው።

ሚዛን የወጣላቸው ስም ነው። ጉልበታቸው እስኪደክም ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሸጠዋል። አንድም ደንበኛ «ጎደለብኝ» ብሎ ተመልሶባቸው አያውቅም፤ አጉድሎባቸው በሰላም ያደረ ጅምላ ሻጭም የለም። በዚያው ሽንኩርት ሁለት ልጅ አስተማሩ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ያላት ቤት ገዙ። ቤቲቱ ጠባብ ናት። በኩሽናው መስኮት ወደ መንገዱ ሲመለከቱ የመስኮቱ ብረት ፊታቸው ላይ ጥላውን ይጥላል። ግን የራሳቸው ናት። «የሰው ቤት ቢሰፋም እግር አያስዘረጋም» ይሉ ነበር።

ጣጣው የመጣው በቴሌቪዥን ነው። አንድ ቀን በሩን ገርበብ አድርገው ቆሻሻ ሊደፉ ወረዱ፤ ሲመለሱ ቴሌቪዥኑ የለም። ባንክ የምትሠራው ትልቋ ልጃቸው ይህን ስትሰማ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። ፕሮግራም የሚጽፈው ትንሹ ልጃቸው አልጮኸም፤ እሱ ሲጨነቅ ዕቃ ይገዛል። የድሮውን ቁልፍ ከነእጀታው ነቅሎ፣ ጆሮም ዓይንም የሌለው ጥቁር ሣጥን በሩ ላይ ገጠመ።

«ከእንግዲህ መርሳት የለም፣ እማዬ። በሩ ራሱን ይዘጋል።»

«መክፈቱንስ?»

«ይቺን አረንጓዴ መጫኛ ትጫኛታለሽ። ጥያቄው በኢንተርኔት ሄዶ ሣጥኑን የሠራው ድርጅት ዘንድ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው ሰርቨር ይፈቅድና ይከፈታል። እኔም ባለሁበት ሆኜ በስልኬ እከፍትልሻለሁ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ከገዛ ቤቴ ለመውጣት የማላውቀውን ሰው ላስፈቅድ?»

«ሰው አይደለም እማዬ፤ ማሽን ነው።»

«ይባስ ብሎ!»

ከሣጥኑ ጋር አንዲት የብረት ቁልፍ መጥታ ነበር፤ ማሽኑ እምቢ ያለ ቀን ከውስጥም ከውጭም የምትከፍት። ትልቋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። «አንቺ ጋ ከሆነች ትጠፋለች» አለች። እትዬ ሚዛን በዕድሜያቸው ቁልፍ ጠፍቶባቸው አያውቅም። የጠፋባቸው ቴሌቪዥን ነው፤ እሱም ተሰረቀ እንጂ አልጠፋም።

መጀመሪያ ላይ ሣጥኑ ታዘዘ፤ አይካድም። ሲጫኑት ቀጭ ይላል፤ በሩ ይከፈታል። ከዚያ አንድ ጠዋት ሻሻቸውን አስረው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ተጫኑ። አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ቀጭ የሚለው ድምፅ ግን አልመጣም። ገፉ። በሩ ግድግዳ ሆነ። ለትንሹ ደወሉ።

«እማዬ፣ እዚህ ተከፍቷል ይላል።»

«እዚያ ተከፍቶ ይሆናል። እኔ ያለሁት እዚህ ነው።»

«ግፊው እንጂ።»

«ገፋሁት።»

«በደንብ ግፊው።»

«አንተን ስወልድ ከዚህ ባነሰ ነው የገፋሁት!»

ፊት ለፊታቸው የሚኖረው ጡረተኛ ሾፌር ጩኸቱን ሰምቶ ወጣና በሩን ከውጭ ሳብ አደረገው። በሩ ያን ጊዜ ነው ቀጭ ያለው። «ይኸው እትዬ፣ ቅቤ እኮ ነው! ማርሽ ሳያስገቡ ነው መሰለኝ የሚነዱት» ብሎ ሳቀባቸው። ትንሹም በስልኩ ውስጥ አብሮ ሳቀ። እትዬ ሚዛን ለሁለቱም የሚገባቸውን ስድብ ሰጥተው ወደ ዳቦ ቤት ወረዱ፤ ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሏቸው።

አላበቃም። አንዳንዴ እንደ ተጫኑት ይከፍታል፤ አንዳንዴ ድንች ተቀቅሎ ተልጦ እስኪበላ ይቆያል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይረሳቸዋል። መቼ እንደሚከፍት አይታወቅምና ከበሩ አጠገብ መራቅ አይቻልም፤ ከተከፈተ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ራሱን ይዘጋላ። ስለዚህ በርጩማ አምጥተው፣ ዘንቢሉን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩ ፊት ይቀመጣሉ። ሽንት ቤት እንኳ የሚሄዱት ጊዜ ሰርቀው ነው። ሰው ከውጭ ሆኖ ደጅ ሲጠና ታይቷል፤ ከውስጥ ሆኖ ደጅ የጠና ግን ከእትዬ ሚዛን በፊት አልተሰማም።

የገበያ ባልንጀራቸው ልትጠይቃቸው በመጣች ዕለት በሩ እምቢ አለ። ሴትዮዋ ተመልሳ ወርዳ መንገዱ ላይ ቆመች፤ እሳቸው ከመስኮቱ ብረት ኋላ ሆነው ቁልቁል አወሯት። መንገደኛው ሁሉ ቀና እያለ አየ። «ምነው፣ ልጆችሽ ቆለፉብሽ እንዴ?» አለች ባልንጀራቸው። ቀልዷን ነበር። እትዬ ሚዛን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን መስኮት አልከፈቱትም።

በደወሉ ቁጥር ትንሹ አንድ መልስ አለው። «አሁን ፈተሽኩት፣ እማዬ። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ምንም ችግር የለበትም።» ችግር የሌለበት፣ የማይከፈት በር! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በሩ ደህና ከሆነ ታዲያ ደህና ያልሆነው ማን ነው? ጥያቄውን መጀመሪያ ያነሳችው ትልቋ ናት፤ መልሱንም ይዛው ነበር የመጣችው። ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ጆሯቸው የደነቆረ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን እየቆራረጠ ያወራል።

«እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሳታውቀው ነው ሥራ የገባኸው?»

«እሺ... እዚህ ወረቀት ላይ ሰዓት ይሳሉልኝ።»

«ለምን? ይኸው ግድግዳህ ላይ ተሰቅሎልሃል።»

ትልቋ በሀፍረት ዓይኗን ጨፈነች። ሐኪሙ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገ። እትዬ ሚዛን በሕይወታቸው እርሳስ ጨብጠው ያውቁ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። ይህን ለአንድ ጎረምሳ ሐኪም ከመናዘዝ ዕብድ መባል ይሻላል። ቤት ከገቡ በኋላ ግን ከመሳቢያ አንዲት ጉራጅ እርሳስ ፈልገው፣ የካርቶን ቁራጭ ላይ ክብ ነገር ሞከሩ። ክቡ እንቁላል ሆነ። ቁጥሮቹን ከብር ኖት ላይ ያውቋቸዋል፤ ሲጽፏቸው ግን ሁሉም አንድ ጎን ላይ ተጨናንቀው ቆሙ፤ ሌላው ጎን ባዶ ቀረ። ካርቶኑን ያዝ አድርገው ሲያዩት ቆዩና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሩ። እነሱ ልክ ቢሆኑስ? በሩ ተከፍቶ፣ እኔ ሳላየው ቀርቼስ ቢሆን? ካርቶኑን ብጥስጥስ አድርገው ከድንች ልጣጭ ጋር ደፉት።

በሳምንቱ ትልቋ ትንሹን አስከትላ፣ የቆረጠችውን ይዛ መጣች።

«እኛ ጋ ትገቢያለሽ። ልብስ የምንተኩስባትን የኋላዋን ክፍል አስለቅቄልሻለሁ። ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ካጠገብሽ አትለይም። ይሄን ቤት ለጊዜው እናከራየዋለን፤ ሰው አግኝቻለሁ። ሰኞ ከሰዓት መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

ያቺን ክፍል ያውቋታል። መስኮቷ የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ቆማም መብራት ይበራባታል። «ለጊዜው» የሚለውንም ቃል ያውቁታል፤ ለጊዜው ተብሎ የገባ ሽማግሌ በእግሩ ሲወጣ አልታየም። ወደ ትንሹ ዞረው አዩት። ትንሹ የስልኩን ገመድ ጣቱ ላይ ይጠመጥም ነበር። የትልቋን ጩኸት ለምደውታል፤ የትንሹ ዝምታ ግን አጥንታቸው ድረስ ገባ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ትንሹ ዕቃ ሊያሰናዳላቸው መጣ። ላፕቶፑን በጀርባው አዝሏል። በማግስቱ ጠዋት ለአንድ የሕንፃ ባለቤት ሥራውን ሊያሳይ ነው፤ ሰውየው ከወደደው የዚያ ሁሉ ሕንፃ በር በእሱ ፕሮግራም ሊከፈት ነው። በስልኩ ከፍቶ ገባ፤ በሩ ከኋላው ተዘጋ። ሣህኖቹን በጋዜጣ ጠቀለለ፤ ብርድ ልብሶቹን አጣጥፎ በገመድ አሰረ። እትዬ ሚዛን በርጩማቸው ላይ ሆነው ሲያዩት ቆዩ እንጂ አንድ ማንኪያ አላቀበሉትም።

«የራሴን ሬሳ ራሴ አልገንዝም» አሉት።

ሥራው ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ ጉንጫቸውን ሳመና መጫኛዋን ተጫነ። አረንጓዴ። ገፋ። በሩ አልተነቃነቀም።

«ግፋው እንጂ» አሉ እትዬ ሚዛን።

ስልኩን አወጣና በስልኩ ሞከረ። ስልኩ «ተከፍቷል» አለ። በትከሻው ገፋ።

«በደንብ ግፋው።»

«እማዬ፣ ቆይ እስቲ።»

«ቅቤ እኮ ነው! ማርሽ ሳታስገባ እንዳይሆን።»

ትንሹ እንደገና ተጫነ። ደግሞ ተጫነ። መጫኛዋን፣ ስልኩን፣ መጫኛዋን፣ ስልኩን፤ ከበሮ የሚመታ እስኪመስል ድረስ። ስልኩ ሳይሰለች «ተከፍቷል» ይለዋል። በሩን በእርግጫ መታው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የታሰሩት ዕቃዎች ደግሞ መቆሚያ አሳጥተዋታል። ወደ መስኮቱ ሄዶ ብረቱን ነቀነቀ፤ ተመልሶ መጣ፤ መልሶ ሄደ። እትዬ ሚዛን አካሄዱን አወቁት። ሰሞኑን እሳቸው የሄዱበት መንገድ ነው፤ ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር።

ሾፌሩ ድብደባውን ሰምቶ ከውጭ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ዛሬም?»

«ዛሬ እኔ አይደለሁም፤ ኢንጂነሩ ነው!»

«ሳበው፣ አባቴ፣ እባክህ ሳበው!» አለ ትንሹ።

ሾፌሩ ሁለት ጊዜ አቃሰተ። «ኧረ ይሄ ሞተሩ ነክሷል!» አለ።

እትዬ ሚዛን ሊስቁ ነበር፤ ተዉት። ለእሳቸው ቅቤ የነበረ በር፣ ለልጃቸው ሲሆን ነው ሞተሩ የነከሰው።

ትንሹ ወለሉ ላይ ተዘርፍጦ ላፕቶፑን ከፈተ። ጥቁሩ መስታወት ላይ ጽሑፍ እንደ ዝናብ ወረደ፤ በጎኑ ትንንሽ አረንጓዴ ምልክቶች ተሰለፉ።

«ይኸው፣ ፈተናዎቹ በሙሉ አልፈዋል። አንድም ቀይ የለም። ታዲያ ለምን አይከፈትም?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ሐኪም ዘንድ እንውሰድህ?»

«እማዬ!»

«አትቆጣ። ይሄ አረንጓዴ አረንጓዴ የምትለው ምን እንደሆነ አንድ ቀን አስረዳኝ። ሰሞኑን የታሰርኩት በእሱ ነው።»

ትንሹ ፊቱን በእጁ ጠረገ። የትም የሚሄድበት የለ፤ ማስረዳት ጀመረ።

«ፕሮግራም ተጽፎ ዝም ብሎ አይለቀቅም፤ ይፈተናል። እያንዳንዷን ቁራጭ ለብቻዋ የሚፈትኑ ትንንሽ ፈተናዎች እጽፋለሁ። በሩን የምታስከፍተውን ቁራጭ ስፈትን ግን ጥያቄው እውነተኛው ሰርቨር ዘንድ እንዲሄድ አላደርግም።»

«ለምን?»

«ይዘገያል። ደግሞ...» ቀና ብሎ አያቸው። «ደግሞ በፈተንኩ ቁጥር እውነተኛው በር ይከፈታላ። ያንቺ በር። እኔ ቀኑን ሙሉ ስፈትን ነው የምውለው። ልብስ ስትቀይሪ በሩ ቧ ቢልብሽስ? ሌባ ቢገባብሽስ?»

ልጁ አስቦላቸው ኖሯል። ክፋት ቢሆን መልሱ ይቀላቸው ነበር።

«እሺ፣ እውነተኛውን ካልጠየቅህ ማንን ትጠይቃለህ?»

«በእሱ ቦታ አስመሳይ አስቀምጣለሁ። ሞክ ነው የምንለው። ጥያቄውን ከመንገድ ይቀበልና ሰርቨሩን መስሎ ይመልሳል።»

«ሰርቨሩ የሚለውን በምን አወቀ?»

«እኔ ሰጠሁት። በሩን የገጠምን ቀን ሰርቨሩ የመለሰውን ቃል በቃል ገልብጬ ሰጠሁት።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህ ያንኑ ይመልሳል።»

«ጠያቂው አንተ፣ መላሹ አንተ፣ ያለፍከውም አንተ! እኔም እንደዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ቢገኝልኝ ዛሬ ሚኒስትር ነበርኩ።»

ከበሩ ውጭ ሾፌሩ ሲስቅ ተሰማ። ትንሹ ግን አልሳቀም። የሆነ ነገር እየከነከነው ወደ ላፕቶፑ አጎነበሰ፤ አስመሳዩን ከመንገድ አወጣና ጥያቄውን ራሱን ወደ እውነተኛው ሰርቨር ሰደደ። መልሱ መጣ። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጮክ በል፤ እኔ ፊደል የለኝም» አሉት።

«የድሮው መልስ ሁለት መቶ የሚል ቁጥር ነበረው። ሁለት መቶ ማለት ተፈጽሟል ማለት ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ ነበር የሚመጣው። ድርጅቱ አሠራሩን ቀይሯል፣ እማዬ። አሁን የሚመልሰው ሁለት መቶ ሁለት ነው።»

«ሁለት ጨመረ። ማለት?»

«‹ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ተራዎን ይጠብቁ› ማለት ነው።» ስልኩን አሳያቸው። «የኔ ፕሮግራም በሁለት መቶ የሚጀምረውን ሁሉ ‹ተከፍቷል› ብሎ ነው የሚያነበው። ተራው ሲደርስ ይከፈታል፤ ካልደረሰ አይከፈትም። ስልኩ ግን ሁልጊዜ ተከፍቷል ይላል። ፈተናዎቼም አያውቁም፤ የሚያወሩት ከድሮው መልስ ጋር ነው።»

«ደርሶናል ማለት ሆኗል ማለት ነው እንዴ? ውሃ ተቋረጠብኝ ብዬ ባመለከትኩ ጊዜ ‹ደርሶናል› ብለውኝ እስከ ዛሬ ባልዲ ነው የምሸከመው! ‹እሺ ይበልጣል ከሺ› የተባለው ላንተ ነው። እሺ ያለህን ሁሉ አምነህ ትመለሳለህ።»

«አሁን ተራችን መድረሱን ልጠይቀው» አለና መታ መታ አደረገ። መልሱን ሲያይ ላፕቶፑን ከጭኑ ላይ አወረደው።

«ምን አለህ?»

«አራት መቶ ሃያ ዘጠኝ። ‹ጥያቄ አብዝተዋል፤ የቀደሙት ተሰርዘዋል፤ ነገ ይመለሱ።› ደጋግሜ ስለተጫንኩት ነው።»

«ተቆጣህ በለኛ!» አሉ እትዬ ሚዛን። «እኔ እንኳ ሰሞኑን አንዴ ተጭኜ በጨዋ ደንብ ተቀምጬ ነበር የምጠብቀው።»

ፀሐይዋ ዞራ የመስኮቱ ብረት ጥላ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ በታሰሩት ብርድ ልብሶች ላይ፣ በትንሹ ጉልበት ላይ። እትዬ ሚዛን እንደገና ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ልማዳቸው አልጮኸም።

«አንድ ነገር ንገረኝ። በሩ ተዘጋብኝ ብዬ ስደውልልህ ‹አሁን ፈተሽኩት› ትለኝ ነበር።»

«አዎ።»

«የፈተሽከው ይሄንን ነው? ከአሻንጉሊትህ ጋር?»

ትንሹ ላፕቶፑን ከደነው።

«እኔ እዚህ በርጩማ ላይ ሆኜ ስጮህ፣ አንተ ያልኩትን ትተህ አሻንጉሊትህን ‹እናቴ እንዴት ናት?› ብለህ ትጠይቀው ነበር። እሱም ራስህ ያስጠናኸውን ‹ደህና ናት› ይልሃል። ሐኪም ዘንድ ስወሰድም ያመንከው እሱን ነው።»

«እማዬ፣ አላወቅኩም።»

«አለማወቅህን አየሁ። መጥቶ በሩን ማየት አቅቶህ ነበር ወይ ነው የምልህ። አንዲት ቀን፣ በርጩማው ላይ አጠገቤ ቁጭ ብለህ።»

ትንሹ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተነሣ። ስልኩን አወጣ።

«ከዚህ የምታወጣን እህቴ ጋ ያለችው ቁልፍ ብቻ ናት። ልደውልላት።» ጣቱ ስልኩ ላይ ቆመ። «‹እማዬን አሟታል› እላታለሁ፤ ቶሎ ትመጣለች።»

«ምን?»

«ወይም ‹መጫኛዋን ደጋግማ ስትጫን ተበላሸ› እላታለሁ። እማዬ፣ አትቆጪኝ። ከሕንፃው ባለቤት ጋር ያገናኘኝ ባሏ ነው። እሷ ዛሬ ከሰማች እሱም ዛሬ ይሰማል፤ ነገ ጠዋት ሰውየው ፊት በምን አፌ እቆማለሁ? አንድ ቀን ብቻ ታገሺኝ። ካሳየሁት በኋላ አስተካክለዋለሁ፤ ለእነሱም እነግራቸዋለሁ።»

«ነገ ከሰዓት መኪናው ይመጣል።»

«ሂጂና እኔ ቀስ ብዬ አስረድቼ እመልስሻለሁ። ለጊዜው ነው።»

«ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ተራዎን ይጠብቁ» አሉ እትዬ ሚዛን።

ከበርጩማው ተነሡ። ስልኩን ከእጁ መንጭቀው ጡታቸው መሐል ሸጎጡት። ጎልማሳ ልጅ ሁሉን ነገር ይደፍራል፤ እጁን የእናቱ ጉያ ውስጥ ማስገባት ግን አይደፍርም። ትንሹ እጁን ዘርግቶ ቀረ።

«እማዬ፣ ስጪኝ።»

«ሾፌር!» ብለው ወደ በሩ ጮኹ።

«አለሁ፣ እትዬ! የብየዳ ባለሙያ አውቃለሁ፤ ልጥራው? በሩን በእሳት ይገምሰዋል።»

«በሬን የሚገምስ ወገቡ ይገመስ! ሽንኩርት ቸርችሬ ነው የገዛሁት። አንተ ከዚያው እንዳትነቃነቅ፤ ምስክር ትሆናለህ።»

«ኧረ ወንበር አምጥቻለሁ!» አለ ሾፌሩ።

እትዬ ሚዛን ወደ ልጃቸው ዞሩ። አጭር ናቸው፤ ትንሹ ግን ቁልቁል ሊያያቸው አልቻለም።

«ስማኝ። እዚህ ክፍል ውስጥ አንዲት ከሰዓት ብትዘጋ መስኮቱን ነቅለህ ልትዘል ደረስክ። እኔ ሰሞኑን በሙሉ ተዘግቼ፣ ከተዘጋው በር ይልቅ ጭንቅላቴን ስጠረጥር ነው የከረምኩት። ሌባ ቴሌቪዥን ወሰደብኝ፤ እናንተ ጭንቅላቴን ልትወስዱብኝ ነበር። ሥራህ እንዲበላሽ አልፈልግም፤ ልጄ ነህ። ግን በአንተ ሕንፃ ምክንያት ያቺ ፀሐይ የማታውቅ ክፍል ውስጥ አልገባም። እኔ ራሴ ብደውል እህትህ ‹እሺ እማ› ብላ ትዘጋዋለች። እውነት ከእኔ አፍ ስትወጣ የማትሰማ አድርጋችኋታል፤ ስለዚህ ካንተ አፍ ትወጣለች።»

«ነገ ሰውየው...»

«ነገ ለሰውየው የማይከፈተውን በር አሳይተህ ‹በሩ ሲከፈት ብቻ ተከፍቷል የሚል አድርጌ እጠግነዋለሁ› በለው። ከፈለገ ይውሰድህ፣ ካልፈለገ ይቅር። እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። የእኔ ጉዳይ የአሁኑ ነው።»

ስልኩን ከጉያቸው አውጥተው፣ በጋዜጣ ከተጠቀለሉት ሣህኖች አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን ግን ከላዩ አላነሱም።

«ድምፁን ከፍ ታደርገዋለህ፤ እኔም እሰማለሁ፣ ውጭ ያለውም ይሰማል። መጀመሪያ ‹እማዬ ተዘግቷል ባለች ጊዜ ሁሉ ተዘግቶ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ› ትላታለህ። ቀጥለህ ‹መኪናውንም ተከራዩንም መልሺ› ትላታለህ። ቁልፏን የምትለምናት ይሄን ሁሉ ተናግረህ ስታበቃ ነው። በል፣ ደውል!»